የስፌት መኪናችን ሰሊጥ ዘይት የጠጣበት ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ኮምፒውተሩን የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ፈታው። ከፋሲካ ወዲህ ቀርፋፋ ሆኖበት ነበር። ከፍቶት ቆሞ ይጠብቃል፤ አንድ ጽሑፍ እስኪያወጣለት እኔ ሽንኩርቴን ልጬ እጨርሳለሁ። የከተማችን የገንዳ ውሃ አቧራ የማይገባበት የለም። ክዳኑን ሲያነሳው ከውስጡ ግራጫ ብናኝ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ ወጣ።

«አቧራው ብቻ አይደለም» አለኝ። «እንዲፈጥን ብዬ የጫንኩት ፕሮግራም ሁሉ ነው የጎተተው። በዘገየ ቁጥር አንድ እጨምርለታለሁ፣ በጨመርኩለት ቁጥር ይብስበታል። ዛሬ ሁሉንም አጠፋለሁ።»

ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሻል፣ እማ?»

«ምንም።»

ቀጥሎ፣ ለምትንጫጫው ማራገቢያ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጠየቀኝ። ጠርሙሷን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬ ላይ ቆመ። ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ። የማስታውሰው ነገር ስለሰጠኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን በሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ከኮኪት ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር፤ ግድግዳው የማሽላ አገዳና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። ከበራችን ጀምሮ ሰሊጥ ነው፣ ከሰሊጡ ወዲያ ማሽላ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ማንበብ የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። አባቴን ለሰሜን ጦርነት ከወሰዱት ወዲህ የምንኖረው በእናቴ የስፌት መኪና ነው። መኪናው ጥቁር ነበር፤ አንገቱ ላይ የነበሩት የወርቅ አበቦች በእጅ ብዛት ደብዝዘዋል። ከሥሩ ሰፊ የብረት ፔዳል አለው፤ ፔዳሉን ከላይኛው መዘውር ጋር የሚያገናኘው የቆዳ ቺንጋ ነው። እናቴ ለሱዳኖቹ ጀለቢያ፣ ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት ሠራተኞች ሱሪና ቁምጣ ትሰፋለች። እነዚህን ሠራተኞች እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን።

አባቴ በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ተመለሰ። ጥቁሩ አፈር ውሃ ጠጥቶ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ከሸሕዲ፣ ከዛሬዋ ገንዳ ውሃ፣ ያመጡት በበቅሎ ነው። አንድ እግሩ አይታጠፍም። ከበሩ አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል አልጋ ዘረጉለትና እዚያው ቀረ። ሲሰጡት ይበላል፣ ሲጠይቁት በአንድ ቃል ይመልሳል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ «ሰውየው መጣ እንጂ ገና አልገባም» ትል ነበር። እኔ ደግሞ በሩን አሻግሬ አየሁ፤ ገብቷል። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

እናቴ ስለት ነበረባት። አባቴ ጦር ሜዳ ሳለ ሁልጊዜ ጠዋት ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ የምትለውን ሰምቼ ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ማርያም፣ በሕይወት መልሽልኝ። የመቅደስሽን መጋረጃ በመኪናዬ ሰፍቼ ለኅዳር ጽዮን አስገባለሁ።» የትንሿ ቤተ ክርስቲያናችንን መጋረጃ ምስጥ በልቶት ነበር። ቄሱ ቅዳሴ የሚገቡት የእትዬ ዘነቡን የአልጋ አንሶላ አሰቅለው ነው።

ይህን ስለት እኔ እንደ ገበያ ነው የሰማሁት። ማርያም አባቴን ሰጠችን፤ እኛ መጋረጃውን እንሰጣታለን። በቀኑ ካልሰጠናት መልሳ ትወስደዋለች። የምትወስደውም ወደ መጣበት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ኮኪት ገበያ ላይ ወጣት እያፈሱ ለውትድርና የሚጭኑት በዚያው ሰሞን ስለነበር ነገሩ ለእኔ ተረት አልነበረም። እግሩ የማይታጠፍ ሰው ለጦር እንደማይፈለግ አላውቅም ነበር።

መኪናው ግን ከብዶ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዝናቡ በፊት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ለሠራተኞች ቀን ብሎ እናቴን ቀያይ ባንዲራ አሰፋት። በድንበሩ በኩል የመጣችው የመጨረሻ የመኪና ዘይት ያኔ አለቀች። ከዚያ ዝናቡ ገባ፣ መንገዱም ተቆረጠ። ሰሊጥ አገር ነን። ዘይት ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው አንድ ነው። ለደረቀ ቆዳ፣ ለሳል፣ ለጆሮ ሕመም፣ ለተላጠ የበሬ ጫንቃ የምንቀባው ሰሊጥ ዘይት ነው። እናቴም ለመኪናው ከዚያው አንቆረቆረችለት። የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ውሃ ሮጠ። እትዬ ዘነቡ ዘይቱን የጨመቀችው እሷ ስለሆነች በሰፈሩ ሁሉ ተኩራራች።

ነሐሴ ላይ መዘውሩ መጎተት ጀመረ። እናቴ ዘይት ጨመረች። ለሁለት ቀን ቀለል አለ፣ ከዚያ ባሰበት። እንደገና ጨመረች።

«ጥሩዬ፣ ይሄ መኪና ሸምግሏል» አለች እትዬ ዘነቡ። «ጡረታ አውጪውና ማኅበሩ ይጡረው።»

«ገና ነው» አለች እናቴ።

«ሲያቃስት አይሰማሽም? ልክ እንደ እኔ ባል። ሥራ ሲያይ ነው የሚያቃስተው።»

«ያንን ጠርሙስ አቀብይኝ።»

ፍልሰታ ነበር። ሰሊጥ ዘይት ወጣችን ውስጥ የሚገባው ስንጾም ነው፤ መኪናው ከሰሊጥ ዘይት በቀር የሚቀምሰው የለም። ስለዚህ የሚጾም መሰለኝ። ደከመው፣ ጾሙ ሲፈታ ይበረታል ብዬ ጠበቅሁ። ጾሙ ተፈታ። እሱ እንደ ነበረ ነው።

«እማዬ፣ ለምን ቅቤ አንሰጠውም?»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ለማን?»

«ለመኪናው። ሰው ሁሉ ገድፎ እሱ ብቻ እየጾመ ነው።»

«ብረት አይጾምም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«አላውቅም። መዘውሩን ያዢ።»

ሥራዬ ያ ሆነ። እሷ ከታች ፔዳሉን ትረግጣለች፣ እኔ ከጎን ቆሜ መዘውሩን በሁለት እጄ እገፋለሁ። ትምህርት ቤት የምሄደው ከሰዓት ነው፤ ጠዋቱ ሁሉ የመዘውሩ ነው። መዳፌ መጀመሪያ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ፈነዳ፣ ከዚያ ደነደነ። ልብሴ፣ ደብተሬ፣ ጸጉሬ ሳይቀር ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። የክፍል ልጆች «የሰሊጥ ጎተራ መጣች፣ በሩን ክፈቱላት» ይሉኝ ነበር። እነሱ አባታቸውን የሚወስድባቸው የለም።

በመስከረም መጨረሻ ሰሊጡ ለአጨዳ ደረሰ፣ ሳሉጎቹም ወረዱ። እናቴ ሥራዋን ለሁለት ከፈለችው። ጠዋት የሠራተኞቹ ልብስ፣ ምክንያቱም እንጀራችን እሱ ነው። ከዚያ እጇን ታጥባ ነጩን ጨርቅ ታወጣለች። ነጩ ጨርቅ በቀን አንድ ክንድ እንኳ አይሞላላትም።

አንድ የወሎ ልጅ ሱሪ አሰፍቶ ነበር። በየቀኑ ከማሳ ሲመለስ በበራችን ብቅ ይላል።

«እትዬ፣ ሱሪዬ ደረሰ?»

«ነገ።»

«ትናንትም እኮ ነገ ነበር።»

«ነገ ይደርሳል።»

«ግዴለም፣ እኔስ በቁምጣም አጭዳለሁ። እባቡ ነው ባዶ ቅልጥም ሲያይ የሚንቀኝ።»

እናቴ አልሳቀችም። ጨርቁን አነሳችና በእጅ መርፌ ጀመረችው። ያን ቀን የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። እናቴ መኪናውን ትታ በእጇ ስትሰፋ አይቼ አላውቅም ነበር።

እትዬ ዘነቡም አየቻት። «መጋረጃውን ለከርሞ አድርጊው በቃ። ማርያም አትቀየምሽም፣ አንሶላዬም ገና አልተቀደደም።»

«ለዘንድሮ ነው ያልኳት» አለች እናቴ። ቀና ብላም አላየች።

በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ብቻዬን ወንበሯ ላይ ወጣሁ። እግሬ ፔዳሉ ላይ አይደርስም። መዘውሩን በቀኝ እጄ እየገፋሁ ነጩን ጨርቅ በግራዬ ያዝሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቴ ከአልጋው።

«እሰፋለሁ።»

«ጣትሽን ትሰፊዋለሽ። ተዪ።»

«አልተውም።»

እንዲህ መልሼለት አላውቅም። ክርኑን ተደግፎ ቀና አለ። «ለምን?»

«ለጽዮን ካልደረሰ ይመልሱዎታል።»

«ማን?»

«ማርያም ናት የምትመልስዎት። ወደ ጦርነቱ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ምሥራቁን፣ ስለቱን፣ ምስጡን፣ አንሶላውን። ስለቱን እናቴ አልነገረችውም ኖሯል። ስጨርስ ዱላውን ፈለገ፣ ተነሣ፣ እየጎተተ መጣ። ቺንጋውን አወለቀና መዘውሩን በአንድ ጣቱ ሊያዞር ሞከረ። አልዞርም አለው። ዘይት የሚንጠባጠብባትን ቀዳዳ በጣቱ ነካ፣ አሸተተ፣ ሁለት ጣቶቹን አሻሽቶ ለያያቸው። በመሐላቸው ቡናማ ክር ተሳበ።

«ምን አጠጣችሁት?»

«ሰሊጥ ዘይት።»

«መቼ መቼ?»

«በዘገየ ቁጥር።»

የከንፈሩ ጫፍ ተነቃነቀ። «እኛ ዘንድ አንድ ልጅ ነበር» አለ። ስለዚያ ቦታ ሲናገር ያኔ የመጀመሪያው ነው። «ጠመንጃውን በወጥ ዘይት ወለወለው። ወር ሳይሞላው ዘይቱ ሙጫ ሆነበት። የተኮሰ ዕለት ጠመንጃው ነክሶ ቀረ።»

«ከዚያስ?»

አየኝ። «ነጭ ጋዝ አምጪ» አለ።

ቤታችን ውስጥ ያለው ጋዝ ፋኖሱ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ፋኖሱን አመጣሁ። ከእትዬ ዘነቡ ባል ካቻቢቴ ተዋስኩ። አባቴ መሬት ላይ ጆንያ አስነጠፈኝ፣ የማይታጠፍ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና መኪናውን ብሎን በብሎን ፈታው። እያንዳንዱን ብረት በወጣበት ተራ ይደረድረዋል። እንዳልነካካው በዓይኑ ይነግረኛል። ውስጡ ሁሉ ቡናማ ነው፤ እንደ ግራር ሙጫ ይለጠፋል፣ ላዩ ላይ የክረምቱ አቧራና የጨርቁ ብናኝ ተጋግሯል። ከመርፌው ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ሲያነሣ ግን ቀይ ነገር አየሁ። መኪናው የቆሰለ መሰለኝ።

«አባባ፣ ደም ነው?»

በካቻቢቴው ጫፍ ፈንቅሎ አወጣው። የባንዲራው ብናኝ ነበር። ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ጫማ ቆዳ ጠንክሯል። አባቴ መዳፉ ላይ አድርጎ አገላብጦ አየው።

እናቴ የገባችው ያኔ ነው። እንስራዋን ከጀርባዋ ቀስ ብላ አወረደች። ጆንያውን አየች፣ ባዶውን ፋኖስ አየች፣ እኔን አየች።

«ምን አደረጉት?»

«ታጥቦ ይገጠማል።»

«ይገጥሙታል?»

«ጠመንጃ በጨለማ ፈትቼ ገጥሜያለሁ።»

«ይህ ጠመንጃ አይደለም።»

«ብረት ነው፣ ጥሩነሽ።»

ስሟን ሲጠራ ከተመለሰ ወዲህ አልሰማሁም ነበር። አማተበች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠችና አንድ ብረት አንሥታ በጋዝ በራሰ ጨርቅ ትፈትግ ጀመር። ቀዩን ቁራጭ ምድጃ ውስጥ ጣለችው። ሦስታችንም ስንፈትግ ዋልን። እትዬ ዘነቡ ባጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችን።

«አሁንስ በኪሎ ልትሸጡት ነው?»

ብረቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እየነጣ ነበር።

የቀረው ዘይት ነው። አባቴ ዱላውን አነሣና «ነይ» አለኝ። ከግቢያችን ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ቀን ነው። መንገዱ ደርቆ፣ ሰሊጥ የሚጭኑ መኪኖች ኮኪት ደርሰው ነበር። እጁን አጥብቄ ይዣለሁ። ገበያው ዳር ካኪ የለበሰ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ አየሁና አባቴን በሙሉ ኃይሌ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ጎተትሁት። ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ካኪ ለባሹ አልፎን ሄደና ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባ። ረዳት ነው። አባቴ እኔንም ሰውየውንም አየ፤ ገባው መሰለኝ፣ አልተቆጣኝም። እጄን ግን አልለቀቀም።

ሾፌሩ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ወንድሜ፣ ጠብታ የሞተር ዘይት ትሰጠኛለህ? ያልተቃጠለ።»

«ለምንድን ነው? ለታንክ?»

«ለልብስ ስፌት።»

«የማን?»

«የሚስቴ።»

ሾፌሩ ዱላውን አየ፣ እግሩን አየ። ሻዩን አስቀምጦ ከወንበሩ ሥር ቆርቆሮ አወጣና ትንሿን ጠርሙሳችንን ሞላት።

«በጠብታ ነው፣ እሺ? እንዳታሰክሩት።»

አባቴ በማግስቱ ገጠመው። በተደረደረበት ተራ፣ ከኋላ ወደ ፊት። ሲጨርስ መዘውሩ በትንሽ ጣት ይዞራል። ጆንያው ላይ ግን አንዲት ቀጭን ጠምዛዛ ሽቦ ቀርታለች። እናቴ ጨርቅ አስገብታ ስትረግጥ ክሩ ከሥር ተንጨባረረ፣ ተበጠሰ። አባቴ እንደገና ከፈተው። እንደገና ገጠመው። ሽቦዋ እንደገና ቀረች። ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ግንባሩ ረጥቧል። ዓይኑ ወደ አልጋው ሲሄድ አየሁ። ከተኛ አይነሣም ብዬ ፈራሁ።

እናቴ ሽቦዋን ከጆንያው ላይ አነሣች። በጣቶቿ መሐል አንከባለለቻት፣ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያ መኪና ላይ ዕድሜዋን በሙሉ ክር አስገብታለች።

«ይህች ክሩን የምትወጥረው ናት» አለች። «ጣቴ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚነካት።»

ቦታውን አሳየችው። እሱ ብሎኑን ፈታ፣ እሷ ሽቦዋን አስገባች፣ እሱ አጠበቀ። ከዚያ ተቀመጠችና ረገጠች።

የትምህርት ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ እንዲያ ነው የሚጮኸው። ጨርቁ ከእጇ ሥር ሸሸ። እኔ መዘውሩን ልገፋ የዘረጋሁት እጄ አየር ላይ ቀረ። የሚገፋ ነገር አልነበረም።

«ተመስገን» አለች እናቴ።

የዘይት ጠብታ እስኪጠፋ ድረስ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፋች። ከዚያ እጇን ታጠበች፣ ነጩንም አወጣች። የወሎው ልጅ በማግስቱ መጥቶ ሱሪውን ታጥፎ ሲያገኘው ተደናገጠ። «ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» አለ። አባቴ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ነበር። «ለብሰህ እባቡን ጠይቀው» አለው።

ለኅዳር ጽዮን መጋረጃውን አጥፎ በትከሻው የተሸከመው አባቴ ነው። ዱላውን በአንድ እጁ፣ በዝግታ፣ ሳያርፍ ሄደ። ቄሱ በር ላይ ተቀበሉት። ትንሽ ቆይቶ አንሶላዋ ተጣጥፋ ወጣች። እትዬ ዘነቡ እልል ብላ ተቀበለቻትና ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ አለች። «ከእንግዲህ በዚህች ላይ መተኛት ድፍረት አይሆንም?» አለቻት።

ቅዳሴው እንዳበቃ እናቴ ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር። አባቴ ከወንዶቹ ጋር ቆሟል፤ ሰዎች ያናግሩታል፣ እሱም ይመልሳል። ጠጋ አልኳት።

«አሁን አትመልሰውም አይደል?»

«ማን? ማንን?»

«ማርያም። አባባን። መጋረጃውን ሰጥተናታል።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ይህን ይዘሽ ነው መዘውሩን ስትገፊ የከረምሽው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ሁለት እጄን ያዘችና መዳፌን ገለበጠችው። የደነደነውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«የሰጠችውን አትቀማም» አለች። «ባይደርስም አባትሽ ቤቱ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቸኮልን?»

ወደ ወንዶቹ አሻግራ አየች።

«ደስ ብሎኝ» አለች። «ደስ ስላለኝ ነው የቸኮልኩ።»

እናቴ በዚያ ዓመት ደስ እንዳላት በፊቷ ላይ አላየሁም ነበር። መኪናው ላይ አጎንብሳ ያየኋት ጊዜ ሁሉ የፈራች ይመስለኝ ነበር። ስለፈራሁ።

የነቢያት ጾም ስለነበር ለበዓሉ የበላነው ምስር ነው። አባቴ አልጋው ላይ አልጠበቀም፤ መጥቶ ከመሶቡ አጠገብ ተቀመጠ። እናቴ የሰሊጥ ዘይቱን ጠርሙስ አንሥታ ወጡ ላይ ልታንቆረቁር ዘነበል አደረገችው።

«በጠብታ ነው፣ እሺ?» አላት አባቴ። «እንዳታሰክሪን።»

እናቴ ጠርሙሱን አስቀመጠች። አፏን በነጠላዋ ልትሸፍን ሞከረች፣ አልቻለችም። እትዬ ዘነቡ ካጥሩ ማዶ «ምን ሆናችሁ? ምን ተፈጠረ?» እያለች ትጣራለች። እናቴ ትስቅ ነበር።